የአሮጌ የጭነት መኪና የፍሬቻ ሽቦ ብልሽት አፈላለግ

ሽቦ ከመነካካት በፊት ብልሽቱ በምን ሁኔታ እንደሚታይ ማስተዋል ያስፈልጋል። የአንድ ጎን ፍሬቻ ብቻ ከጠፋ ፊውዙም ሆነ ፍላሸሩ (ፍሬቻውን የሚያብለጨልጨው ዕቃ) በአብዛኛው ደህና ናቸው፤ ሁለቱም ጎኖች ከጠፉ ግን ፍለጋው ከእነዚሁ ይጀመራል። በሙቀት የሚሠራ የድሮ ፍላሸር አንድ አምፖል ሲቃጠል የቀረውን ሳያብለጨልጭ አብርቶ ሊያቆየው ስለሚችል፣ ፍላሸሩን ከመቀየር አስቀድሞ አምፖሎቹን ማየት ይበጃል።

በአሮጌ መኪና ላይ ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው ማሳ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበት ግንኙነት ነው። ፍሬቻው ሲበራ የፓርኪንግ መብራቱም አብሮ ደብዘዝ ብሎ የሚያብለጨልጭ ከሆነ፣ ኤሌክትሪኩ በዛገው ማሳ በኩል መመለስ አቅቶት በሌላ አምፖል በኩል እየዞረ ነው ማለት ነው። ይህን ለማረጋገጥ፣ ፍሬቻው እየሠራ ሳለ የቴስተሩን (የቮልት መለኪያውን) አንድ ጫፍ በአምፖሉ መያዣ ብረት፣ ሌላውን በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አድርገው ይለኩ፤ ንባቡ አምፖሉ በበራ ቁጥር ከ0.5 ቮልት የሚያልፍ ከሆነ ማሳው ተፈትቶ፣ ብረቱ እስኪያንጸባርቅ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ዳግም ይጥበቅ።

ማሳው ደህና ሆኖ ኤሌክትሪክ ወደ አምፖሉ የማይደርስ ከሆነ፣ ከመሪው ሥር ያለው ማብሪያና ከሻሲው (ከመኪናው የብረት አጽም) ጋር የሚታሸው ሽቦ ይፈተሻሉ። የኋላ ፍሬቻና የፍሬን መብራት አንድ የአምፖል ክር በሚጋሩባቸው መኪኖች የፍሬኑም ኤሌክትሪክ በፍሬቻው ማብሪያ ውስጥ ስለሚያልፍ፣ አምፖሉ ደህና እያለ በአንድ ጎን ሁለቱም ከጠፉ ጥርጣሬው በማብሪያውና ወደ ኋላ በሚሄደው ሽቦ ላይ ያርፋል። ፊውዙ በተደጋጋሚ የሚቃጠል ከሆነ ደግሞ የተላጠው ሽቦ ይፈለግ እንጂ በምንም ምክንያት ከፍ ያለ አምፔር ያለው ፊውዝ አይተካ።