ሙሉ ቀን ባዛር ለመዋል ሲወጡ ውሾችዎን አዘጋጅተው እንዴት እንደሚተዉ

በጥምቀት ሰሞን ጎንደር ውስጥ ኤግዚቢሽንና ባዛር ሲከፈት ሰው ጠዋት ወጥቶ ማታ ይገባል። ከድንኳን ድንኳን ሲዞሩ፣ ዋጋ ሲያወዳድሩ፣ ከሩቅ ከመጣ ዘመድ ጋር ሲጨዋወቱ ሰዓቱ ሳይታወቅ ይነጉዳል። ግቢ ውስጥ ታስሮ የዋለ ውሻ ግን ውሃው ቢደፋ ራሱ አይቀዳ፣ ፀሐይ ቢያገኘው ራሱን አይፈታ። ከዚህ በታች የምጽፈው አዘዞ አካባቢ ሁለት ውሾች ይዤ ስኖር፣ አንዱን ለሞት ካቃረብሁ በኋላ የተማርሁትን ነው።

በመጀመሪያ፣ ውሻውን ይዞ ወደ ባዛሩ የመሄድ ሐሳብ ካለዎት ይተዉት። የድምፅ ማጉያው፣ የሕዝቡ ግፊያና የማያውቃቸው ሕፃናት እጅ ተደማምረው እጅግ ገራም የሆነውን ውሻ እንኳ ያስደነግጡታል፤ የደነገጠ ውሻ ደግሞ መሸሻ ካጣ ይነክሳል። ድንኳን ተከራይተው ዕቃ የሚሸጡ ቢሆኑም ምክሬ ያው ነው።

ቀጥሎ ክትባቱን ያረጋግጡ። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ይከተባል፤ ከዚያም በየዓመቱ ይደገምለታል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምር ኮሌጅ ስላለው በከተማችን የሚያማክሩት ባለሙያ አይጠፋም። ይህን እዚህ ላይ ያነሣሁት እርስዎ በሌሉበት ውሻዎን ሌላ ሰው ስለሚቀርበው ነው። ውሻው ሰው ቢነክስ ቁስሉ ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ የተነከሰው ሰውም ሳይውል ሳያድር ጤና ተቋም ይሂድ፤ ውሻው ደግሞ እንዳይጠፋ ተዘግቶበት ለ10 ቀን በክትትል ይቆይ። ጠበሉም ጸሎቱም ባለበት ይሁን፤ ክትባቱ ግን አንድ ቀን እንኳ አይዘግይ። የዚህ በሽታ ምልክት በሰው ላይ አንዴ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል።

ውሻውን የሚያይልዎ ሰው አስቀድመው ያዘጋጁ። «እባክዎ ዓይንዎን ጣል ያድርጉበት» ብሎ መውጣት ብቻውን በቂ አይደለም። ቢያንስ ከሦስት ቀን በፊት ጀምሮ ጎረቤትዎ እርስዎ አጠገባቸው ቆመው ሳለ በገዛ እጃቸው ምግብ ይስጡት፤ በስሙም ይጥሩት። በሦስተኛው ቀን ውሻው ሲያያቸው ጅራቱን ከቆላ፣ በሚሄዱበት ቀን ውሃ ሊቀዱለት ይችላሉ። ካጉረመረመባቸው ግን ሌላ ሰው ይፈልጉ እንጂ አያስገድዷቸው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ከሁሉም የሚከብደው፣ ሰው ሁሉ ግን ቀላል የሚመስለው፣ ውሻው የሚውልበት ቦታ ነው። እኔ የተሳሳትሁት እዚህ ላይ ነው። ዕለቱ ጥር 10፣ ከተራ ነበር። መከታ የሚባለውን ትልቁን ውሻዬን ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤቱ በስተምዕራብ ባለ የባሕር ዛፍ ቋሚ ላይ በሰንሰለት አሰርሁት፤ በዚያ ሰዓት ቦታው ጥሩ ጥላ ነበረው። ለምሳ ተመልሼ አዛውረዋለሁ ብዬ አስቤ ነበር። ነገር ግን ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መጠመቂያ የሚወርዱበት ቀን ነውና መንገዱ በሕዝብ ተሞላ፤ ወደ አዘዞ የሚወስደኝ ታክሲም አጣሁ። ቤቴ የደረስሁት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

መከታ በጎኑ ተኝቶ ነበር። ለመፈታት ሲዞር ሰንሰለቱ ቋሚው ላይ አራት ጊዜ ተጠምጥሞ የቀረለት አንድ ክንድ ያህል ብቻ ነው። መሬቱ ላይ የሰንሰለቱ ጭረት ግማሽ ክብ ሠርቷል፤ ጠዋት ውሃ የሞላሁበት ሰማያዊ ሳፋም ከዚያ ክብ አንድ እርምጃ አልፎ ተገልብጧል። ምላሱ ጠቁሮ ቀልቷል፤ ስጠራው ጆሮውን እንኳ አላነቃነቀም። ጎረቤቴ በአጥር በኩል ብቅ ብለው «ውሃውንማ ረፋድ ላይ ነው የደፋው ልጄ፤ አይቼዋለሁ፤ እንዳይነክሰኝ ፈርቼ ግን አልቀረብሁትም» አሉኝ። እርሳቸውን አልወቅሳቸውም፤ ከውሻው ጋር ያላስተዋወቅኋቸው እኔ ነኝ።

ውሻ እንደ ሰው ገላው አያልበውም፤ ሙቀቱን የሚያስወጣው በዋናነት በማለክለክ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ውሃ ያስፈልገዋል። ጤነኛ ውሻ የሰውነት ሙቀቱ 38 ከግማሽ ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከ41 ካለፈ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። እንዲህ ሆኖ ካገኙት ወደ ጥላ ያውጡትና ሆዱን፣ የጭኑን ውስጥና መዳፎቹን በቀዝቃዛ ውሃ ያርሱት፤ በካርቶን ያራግቡለት። የበረዶ ውሃ ግን አይጠቀሙ። ራሱ መዋጥ ከቻለ ብቻ ጥቂት በጥቂት ያጠጡት፤ በግድ በአፉ አያፍስሱበት። ማቀዝቀዙን ከጀመሩ በኋላ ወደ ሐኪም ይውሰዱት። መከታ የተረፈው በዚህ መንገድ ነው፤ ተነሥቶ የቆመው ግን በማግስቱ ነበር።

ጥር ብርዳም ወር ነው ብለው አይዘናጉ። ሌሊቱ ይበርዳል እንጂ የጎንደር የቀትር ፀሐይ ይፋጃል። ጥላም ቦታውን ይለውጣል፦ ጠዋት ከቤቱ በስተምዕራብ የነበረው ከቀትር በኋላ በስተምሥራቅ ይሆናል። ጎንደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለምትገኝ በጥር ፀሐይ ቀኑን ሙሉ በደቡብ በኩል ዘንበል ብላ ታልፋለች፤ ስለዚህ ከጠዋት እስከ ማታ ጥላ የማይለየው በሰሜኑ ግድግዳ ሥር ነው። በክረምቱ መግቢያ ግን ይህ ይገለበጣል፤ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለምትሆን የደቡቡ ግድግዳ ይሻላል። በማያጠራጥር ሁኔታ ለማወቅ ከፈለጉ በአንድ የዕረፍት ቀንዎ በ3፣ በ6 እና በ9 ሰዓት ወጥተው ጥላው የት እንዳረፈ ይመልከቱ። ከቆርቆሮ የተሠራ የውሻ ቤትን እንደ ጥላ አይቁጠሩት፤ ቀትር ላይ ምጣድ ነው። ያለዎት እሱ ብቻ ከሆነ ላዩን በሣር ወይም በጆንያ በደንብ ይሸፍኑት።

ግቢዎ በሚገባ የታጠረ ከሆነ ከማሰር ይልቅ ፈቶ መተው እጅግ የተሻለ ነው። ማሰር ግድ ከሆነ ቋሚ ላይ አይሰሩት። በሁለት ቋሚዎች መካከል ወፍራም ሽቦ ወጥረው፣ የሰንሰለቱን ጫፍ ሽቦው ላይ በሚንሸራተት ቀለበት ያያይዙት፤ ቀለበቱ ቋሚዎቹ ጋ እንዳይደርስ ሽቦው ላይ ማገጃ ያድርጉ። ውሻው ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል እንጂ አይጠመጠምም። የናይለን ገመድ አልወድም፤ ወይ ይታኘካል፣ ወይ ይከርራል። የአንገት ማሰሪያው ሥር ሁለት ጣት መግባት አለበት።

ውሃውን በተመለከተ፣ 25 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በቀን አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ይጠጣል፤ በፀሐይ ወቅት ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ ሦስት ሊትር በሁለት ዕቃ ከፍለው በሁለት ቦታ ያስቀምጡ። ሳፋው እንዳይገለበጥ አሮጌ የመኪና ጎማ መካከል ይክተቱት፤ ከዚህ የተሻለ ዘዴ እስካሁን አላገኘሁም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሚኖሩ ከሆነ በዋዜማው በጀሪካን ይያዙ።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ለአርባ ደቂቃ ያህል ያራምዱትና ሲመለስ ቀለል ያለ ቁርስ ይስጡት፤ ዋናው ምግብ ለማታ ይቆይ። የበዓል ትራፊ ግን አይስጡት። የዶሮ ወጥ ትራፊ በሽንኩርት የተሞላ ነው፤ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ይጎዳል። የበሰለ የዶሮ አጥንትም ሲሰበር እንደ መርፌ ይሾልና አንጀት ይወጋል። የጠላ አተላም አልኮል ስላለበት ለውሻ አይሆንም።

ቡችላ ካለዎት ይህ ሁሉ ዝግጅት አይበቃም። የሦስት ወር ቡችላ ሽንቱን ከሦስትና ከአራት ሰዓት በላይ አይዝም፤ በቀን ቢያንስ ሦስት ጊዜም መብላት አለበት። በመካከል የሚመጣለት ሰው ካላገኙ ባዛሩን በግማሽ ቀን ጨርሰው ይመለሱ።

ርችት የሚተኮስበት ምሽት ከሆነ ከመምሸቱ በፊት ቤት መገኘት ይገባል። ትንሿ ውሻዬ ቡቺ የርችት ድምፅ ስትሰማ በአጥሩ ሥር ቆፍራ ለመውጣት ትሞክራለች፤ ከወጣች ደግሞ ባጃጅ የሚበዛበት መንገድ ይጠብቃታል። ማምሸትዎ የማይቀር ከሆነ ጎረቤትዎ ውሻዎን ወደ ክፍል አስገብተው መስኮቱን እንዲዘጉለት ይንገሯቸው። የግቢውን በር የሚከፍቱ ሰዎች ሁሉ ውሻ መኖሩን ይወቁ።

ማታ ሲመለሱ ምግቡን ከማቅረብዎ በፊት ፈተው ያንጎራድዱት። አንገቱ ሥር ማሰሪያው የላጠው ቦታ እንዳለ በጣትዎ ይዳስሱ፤ ድዱንም ገለጥ አድርገው ይዩት፤ እርጥብና ሮዝ መሆን አለበት። ከዚያ ውሃ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደግሞ ራቱን ይስጡት።