ድሬ ላይ ቤት የሚታየው ከቀኑ በስምንት ሰዓት ነው

መጀመሪያ የተከራየሁትን ቤት ያየሁት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ድሬዳዋ ከአውቶቡስ በወረድኩ በማግስቱ፣ 2014 መጋቢት መጨረሻ። አየሩ ደስ ይላል፣ ግቢው ተጠርጓል፣ አንዲት የኒም ዛፍ በሩ ላይ ጥላዋን ጥላለች። ደላላው «አቦ፣ ከዚህ የተሻለ አታገኚም» አለኝ። እኔም አመንኩት። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ ለእኔ ጥሩ ቤት ማለት ብርድ የማያስገባ ቤት ነው። መስኮቱ አንድ ብቻ መሆኑን ሳይ እሰየው ነው ያልኩት።

ከሰዓት በኋላ ሻንጣዬን ይዤ ስገባ ሌላ ቤት ሆኖ ጠበቀኝ። ኮርኒስ የለውም። ቆርቆሮው ከራሴ በላይ ጠሽ፣ ጠሽ ይላል፤ ፀሐይ ሲመታው እየተለጠጠ ነው። ግድግዳውን በመዳፌ ነካሁት፣ የተጣደ ምጣድ። ያቺ አንድ መስኮት ፊቷ ወደ ምዕራብ ነው። የኒሟ ጥላ ደግሞ ከሰዓት ወደ ጎረቤት ግቢ ተሻግሯል። የሦስት ወር ቅድሚያ ከፍያለሁ። አምስት ወር ተጠብሼ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ወደ ድሬዳዋ ለሥራ የሚመጣ ሰው ሲደውልልኝ የምለው አንድ ነው። ቤት በጠዋት አትዩ። በስምንት ሰዓት፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታ ወደ ምዕራብ ማዘንበል ስትጀምር ሂዱ። ደላላው ያጉረመርማል፤ በዚያ ሰዓት እሱም ጥላ ስር መቀመጥ ነው የሚፈልገው። ይታገሥ። ገብታችሁ በሩን ዝጉና አሥር ደቂቃ ቁጭ በሉ። ላባችሁ ጀርባችሁ ላይ ሲወርድ ከተሰማችሁ ሚያዝያና ግንቦት እዚያ ቤት ውስጥ አያልፉላችሁም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ድሬ ደግሞ 1,200 ሜትር አካባቢ። እኔ ይህን ቁጥር በትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ የገባኝ ግን ያን ቀን ነው።

ቁጭ ባላችሁበት ወደ ላይ እዩ። ኮርኒስ አለ ወይ? መስኮቶቹ ፊት ለፊት ናቸው ወይ? ንፋስ በአንዱ ገብቶ በሌላው ካልወጣ ቬንትሌተሩ ያንኑ ትኩስ አየር ነው የሚያዞርላችሁ። ከዚያ ቆጣሪ ጠይቁ። የጋራ ቆጣሪ ከሆነ የሒሳቡን ነገር ቀድማችሁ ጨርሱ። እዚህ ቬንትሌተር ቀን ከሌት ይሠራል፣ ያለ ፍሪጅ ወጥ አያድርም። ጠቡ የሚነሳውም ከዚያ ነው፦ «የአንቺ ፍሪጅ ነው፣ የእሷ ቬንትሌተር ነው»።

ቀጥሎ ሮቶው የት እንደተሰቀለ። ይህን ማንም አልነገረኝም። ሮቶው ፀሐይ ላይ ከሆነ ከቀትር በኋላ ከቧንቧው የሚመጣው ውሃ ያቃጥላል። ሻወር ለመውሰድ ወይ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት መነሳት ነው፣ ወይ ውሃውን በባልዲ ቀድቶ ማታ ድረስ ማቀዝቀዝ። ጥላ ስር ያለ ሮቶ ማለት በየቀኑ አንድ ሰዓት እንቅልፍ ማለት ነው። ውሃ በስንት ቀን እንደሚመጣ አከራዩን ሳይሆን ጎረቤትን ጠይቁ። አከራይ ሁሌ «ውሃ ችግር የለም» ነው የሚለው። ሌላው ነገር፣ የድሬ ውሃ ኖራ አለው። ከከርሰ ምድር ነው የሚወጣው። ማንቆርቆሪያዬ በሁለት ወር ውስጡ ነጭ ቅርፊት ለበሰ። ሎሚ ጨምሮ ማፍላት ያስለቅቀዋል። ጸጉሬን ግን ሎሚም አላዳነውም።

ስለ ውሃ ካነሳሁ ወባን ልጨምር። በርሜልና ሮቶ ክዳን ይኑራቸው። እዚህ ያለችው አዲሷ የወባ ትንኝ የረጋ ኩሬ አትጠብቅም፣ የተጠራቀመ የቤት ውሃ ውስጥ ትራባለች። ደንጊም በ2006 መጀመሪያ ከተማዋን አጥቅቷል፤ እሱን የምታስተላልፈው ትንኝ ደግሞ በቀን ነው የምትናከሰው። አጎበር ከአልጋው ጋር አብሮ ይገዛል። ሰዉ በሙቀቱ ወር አልጋውን በረንዳ ላይ አውጥቶ አጎበር ገትሮ ይተኛል፤ እኔ መጀመሪያ አፈርኩ፣ በሁለተኛው ሳምንት አወጣሁ።

አሁን ወደ መንገዱ። አዲስ አበባ የሚሠራ ሰው መንገዱን ሁለት ጊዜ ነው የሚያሰላው፣ ጠዋትና ማታ። ድሬ ላይ አራት ጊዜ ነው። ብዙ መሥሪያ ቤት በማለዳ ይገባል፣ የምሳ ዕረፍቱም ረጅም ነው። ስድስት ሰዓት ገደማ ሱቁ መዝጊያውን ያወርዳል፣ መንገዱ ጭር ይላል። ሰው ቤቱ ሄዶ ይበላል፣ ይታጠባል፣ ጋደም ይላል፤ የሚቅምም ይቅማል። ወደ አሥር ሰዓት ሲሆን ከተማዋ ለሁለተኛ ጊዜ ይነጋላታል። እናንተም ቢሮ ውስጥ ብቻችሁን ተቀምጣችሁ አትቀሩም።

እኔ የምሠራው ከዚራ ነው። ያ ምጣድ ቤት ደግሞ ሳቢያን ነበር። ሳቢያን ምንም ጥፋት የለበትም፤ ሰፋ ያለና አዲስ ሠፈር ነው፣ ብዙ የሚከራይ ቤትም የሚገኘው እዚያ ነው። ጥፋቱ የእኔ ስሌት ነው። የኪራይ ልዩነቱን አይቼ ተደሰትኩ እንጂ ባጃጁን አልደመርኩም። እናንተ እንዲህ አስሉት። የአንድ መንገድ ሒሳቡን በ4 አባዙ፣ ያንን በ22 የሥራ ቀን። በወር 88 ጊዜ ትሳፈራላችሁ ማለት ነው። መንገድ ላይ ባጃጅ መቀየር ካለ 176። ያን ገንዘብ ኪራዩ ላይ ጨምሩና ከመሥሪያ ቤት አጠገብ ካለው ቤት ጋር አወዳድሩ። ለእኔ የቅርቡ ቤት ረክሶ ተገኘ።

ገንዘቡ እንኳ ይቅር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ሥራ ስመለስ ባጃጅ አይገኝም። ማለቴ ባጃጁ አለ፣ ተደርድሮ ጥላ ስር ቆሟል። ሹፌሩ ቅጠሉን ይዞ ከኋላ ወንበር ላይ ጋደም ብሏል። «ከዚራ?» ስለው አንገቱን ቀና ሳያደርግ «አቦ፣ ፀሐይዋ ትብረድ እንጂ!» ይለኛል። ኮንትራት ካልኩ ይነሳል፤ ከሰው ጋር ተጋርቼ ከሆነ ግን አይነቃነቅም። ስለዚህ ቅድሚያ ከመክፈላችሁ በፊት መንገዱን ሦስት ጊዜ ሂዱበት። ጠዋት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይና ማታ ሦስት ሰዓት ላይ። ማታ ወደ ዳር ሠፈር የሚሄድ ሁሉ ኮንትራት ይላችኋል፤ እሱንም በወር ስንት ቀን እንደምታመሹ እያሰባችሁ ቁጠሩት።

መልካ ጀብዱ በኩል ኢንዱስትሪ ፓርኩ ወይም በ2014 ነሐሴ ሥራ የጀመረው ነፃ የንግድ ቀጠና ውስጥ ለምትቀጠሩ ሒሳቡ ሌላ ነው። ምሳ ቤት መግባት የሚባል ነገር የለም። ለእናንተ ዋናው ነገር ሰርቪሱ ነው። ቤት ከመፈለጋችሁ በፊት አንድ የሥራ ባልደረባ ያዙና ሰርቪሱ የት የት እንደሚቆም፣ በስንት ሰዓት እንደሚያልፍ ጠይቁ። ከዚያ ቤቱን ከፌርማታው በእግር በሚደረስበት ቦታ ፈልጉ። የአሁኗ ጎረቤቴ እንዲህ ነው ያደረገችው፤ ከእኔ የበለጠ ትርቃለች፣ ከእኔ የበለጠ ትተኛለች።

ስለ ሠፈሮቹ ባጭሩ። ከዚራ በ1895 ባቡሩ ሲደርስ በዕቅድ የተሠራ ሠፈር ነው። ቀጥ ያለ መንገድ፣ ዛፍ በዛፍ፣ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳና ከፍ ያለ ጣሪያ። የድሮዎቹ ቤቶች ያለ ቬንትሌተር ይቀዘቅዛሉ፤ የሚከራይ ማግኘት ግን የዕድል ጉዳይ ነው። ለገሃሬ የድሮው ባቡር ጣቢያ አካባቢ ነው፣ እኔ አሁን እዚያ ነኝ፣ ሥራ በእግሬ እሄዳለሁ። መጋላ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ነው፤ መንገዱ ጠባብ፣ ገበያው ደጃፍ ላይ። ቀፊራ ሄዶ ቲማቲምና ማንጎ መሸመት ለለመደ ከመጋላ ወዲያ ቤት የለም።

ደቻቱ ላይ ግን ቆም በሉ። አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ብቻ ነው፤ ሰው ያቋርጠዋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። አዲስ መጪ ወንዝ መሆኑን እንኳ ላያስተውል ይችላል። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት ላይ የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ዝናቡ የሚዘንበው እዚህ አይደለም፣ ደንገጎ በኩል ባለው ደጋ ላይ ነው። ከተማዋ ኮከብ እያየች ውሃው ሊደርስ ይችላል። ከዚያ ወዲህ የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ቢሆንም ሁለተኛውን ቤቴን ስፈልግ ወንዙ ዳር አንድ ርካሽ ቤት አሳዩኝ፤ ኮርኒስ አለው፣ ሮቶው ጥላ ስር ነው፣ ሁሉም ነገር እንደፈለግኩት። ጎረቤት በር ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት ነበሩ። «እማማ፣ ያኔ ጎርፉ እስከ የት ደረሰ?» አልኳቸው። ተነስተው የቤቱን ግድግዳ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። «ልጄ፣ ይሄ አዲስ ነው። የድሮው ሄዷል» አሉኝ። ደላላው ስልክ የተደወለለት መሰለ። እኔም ወጣሁ። ወንዝ አጠገብ ቤት ስታዩ ያችን ጥያቄ ከሽማግሌ ሳትጠይቁ አትመለሱ።

ውል። የእኔ የመጀመሪያው ቤት ውል በቃል ነበር፣ ስወጣም የቀረኝን ገንዘብ ማንም አልመለሰልኝም። አሁን በ2016 የወጣው የኪራይ ቁጥጥር አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ አለ። ውሉ በጽሑፍ ይሆናል፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፣ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር አይበልጥም። አከራይ የስድስት ወር ከጠየቃችሁ ፈገግ ብላችሁ ይህን አንሱበት። ወርሃዊውን በባንክ ወይም በስልክ ክፈሉ፣ ማስረጃው እዚያው ይቀመጣል። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም የለም፤ አከራያችሁ አንቺ ወይም አንተ ቢላችሁ ንቀት እንዳይመስላችሁ። ዋጋ ስትከራከሩም አትቆጡ፣ እዚህ ሁሉም ነገር በሳቅ ነው የሚቀንሰው።

ከቀድሞ ቀበሌያችሁ መሸኛ ሳትይዙ አትነሱ። እኔ ረስቼው ለአንድ ወረቀት ደብረ ብርሃን ተመልሼያለሁ።

መንገዱ ከአዲስ አበባ 515 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአውቶቡስ ሙሉ ቀን ይወስዳል። ባቡሩ ከፉሪ ለቡ ይነሳል፤ የድሬው አዲሱ ጣቢያ ከከተማ ወጣ ያለ ስለሆነ ዕቃ ካላችሁ ለኮንትራት ባጃጅ የሚሆን ብር ለብቻ ያዙ። የቁልቢ ሰሞን ግን፣ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 አካባቢ፣ ዕቃ ጭኖ መምጣት አይታሰብም። መኪናው ሁሉ ሞልቶ ነው የሚመጣው፣ አልጋም አይገኝም።

ሶፋ ጭናችሁ አትምጡ። ሙቀቱ ላይ ማንም አይቀመጥበትም፣ የመጫኛው ዋጋም አያወጣም። ቬንትሌተርና የቤት ዕቃ እዚሁ ታይዋንና አሸዋ ገበያ ተዟዙሮ መግዛት ይሻላል። አልጋ ቀለል ያለ ይሁን፣ ሁለት ሰው አንስቶ በረንዳ የሚያወጣው። እኔ ሦስት የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ተሸክሜ ነው የመጣሁት፣ እናቴ ናት ያስያዘችኝ። አንዱን ያ ምጣድ ቤት ምዕራብ መስኮት ላይ ቸነከርኩት፣ ከዚያ የተሻለ መጋረጃ አላገኘሁም። ሁለተኛውን ሸጥኩ። ሦስተኛው ሣጥን ውስጥ አለ፤ ታኅሣሥ ላይ ቁልቢ ለማደር ስንወጣ ጎረቤቶቼ ሁሉ ከእኔ ነው የሚለምኑት።