በነፃ ኦንላይን ኮርስ ክሬዲት ስትሰበስቡ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ የሚማር ሐበሻ አብዛኛው ሥራ እየሠራ፣ ልጅ እያሳደገ፣ አገር ቤት ላለ ቤተሰብም እየላከ ነው የሚማረው። የአንድ ኮርስ ክፍያ ደግሞ ቀላል አይደለም። ስለዚህ "በነፃ ተምሮ ክሬዲት ማግኘት ይቻላል" ሲባል ብዙ ሰው ጆሮውን ቢያቆም አይገርምም።

ወሬው እውነት ነው። ሞደርን ስቴትስ የሚባል በጎ አድራጎት ድርጅት የመጀመሪያ ዓመት ኮርሶችን በነፃ ያስተምራል። ኮርሱን ለጨረሰ ሰው የክሌፕ ፈተናን ክፍያም በቫውቸር ይሸፍናል። ክሌፕ ማለት ኮሌጅ ገብቶ ኮርሱን ሳይወስዱ፣ በማለፍ ብቻ ክሬዲት የሚያስገኝ ፈተና ነው። ክሌፕን የሚያዘጋጀው ያው ኤስኤቲ የሚባለውን የኮሌጅ መግቢያ ፈተና የሚያዘጋጀው ኮሌጅ ቦርድ ነው። ፈተናው ከ1967 ጀምሮ አለ፤ ከ2,900 በላይ ኮሌጆችም ይቀበሉታል። መንገዱ ጥሩ ነው፤ እኔም እመክራለሁ። የሚያሳዝነኝ፣ ብዙ ሰው ወራት ለፍቶ በማይረባ ስህተት ልፋቱን ውሃ ሲበላው ማየት ነው።

ተቀባዩን ኮሌጅ ሳይጠይቁ መጀመር

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ክሬዲት የሚሰጣችሁ ያስተማራችሁ ድረ ገጽ አይደለም። ክሬዲት የሚሰጠው ዲግሪ የምትይዙበት ኮሌጅ ነው። የአሜሪካ የትምህርት ምክር ቤት፣ በአጭሩ ኤሲኢ የሚባለው፣ "ይህ ኮርስ 3 ክሬዲት ይገባዋል" ብሎ ሐሳብ ያቀርባል እንጂ ማንንም አያስገድድም። ለክሌፕ ፈተናዎች በአብዛኛው የሚመክረው ውጤት 50 ነው፤ ውጤቱ የሚሰጠው ከ20 እስከ 80 ነው። አንዱ ኮሌጅ በ50 ይቀበላል፣ ሌላው ከፍ ያለ ይጠይቃል፣ አንዳንዱ ጭራሽ አይቀበልም።

"ለጓደኛዬ ተቀብለውለታል" የሚለው ወሬ ለእናንተ ዋስትና አይሆንም። የእሱ ኮሌጅ ሌላ፣ ሜጀሩም ሌላ ሊሆን ይችላል። ለሬጅስትራር ወይም ለአድቫይዘራችሁ ኢሜል ጻፉ። ጥያቄው ጠበብ ያለ ይሁን፦ "በክሌፕ ኮሌጅ አልጀብራ 50 ባመጣ፣ ለዚህ ሜጀር የትኛው ኮርስ ሆኖ ይቆጠርልኛል?" ይህን ያልኩት በምክንያት ነው። ኮሌጁ ክሬዲቱን ተቀብሎ በምርጫ ኮርስነት ብቻ ሊመዘግበው ይችላል። ያኔ ግዴታ የሆነውን ኮርስ ከፍላችሁ እንደገና ትወስዳላችሁ። በፈተና ወይም በዝውውር ቢበዛ ስንት ክሬዲት እንደሚቀበሉም ጠይቁ፤ ብዙ ኮሌጆች ከዲግሪው ቢያንስ ሩቡን እነሱ ጋ እንድትማሩ ያስገድዳሉ። መልሱን በጽሑፍ ያዙት። በስልክ የተነገረን ነገር በኋላ ማንም አያስታውስላችሁም።

ሰርተፊኬትን ከክሬዲት ጋር ማምታታት

ኮርሴራ ወይም ኢዲኤክስ በሚባሉት የኦንላይን ኮርስ ድረ ገጾች ላይ የተገኘ ሰርተፊኬት ለሥራ ማመልከቻ ሊጠቅም ይችላል። ትራንስክሪፕት ላይ ግን በራሱ አይገባም። ኮርሴራ ላይ ያሉ አንዳንድ የጉግል ሰርተፊኬቶች የኤሲኢ ድጋፍ አላቸው፤ ብዙዎቹ ኮርሶች ግን የላቸውም። የኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቶቹን የሚለቅበት ኦፕንኮርስዌር ደግሞ ድንቅ ነው፣ ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው፣ ግን ክሬዲትም ሰርተፊኬትም አይሰጥም። ለእውቀት ከሆነ ተማሩበት። ለክሬዲት ከሆነ ጊዜያችሁን ሌላ ቦታ አውሉት።

ለነርሲንግ ሳይንሱንም በዚሁ መንገድ ለመጨረስ ማሰብ

ይሄን በተለይ ለእኛ ሰው እላለሁ፤ ነርሲንግ የሚማረው ብዙ ነውና። ክሌፕ የአናቶሚና የማይክሮባዮሎጂ ፈተና የለውም። ባዮሎጂና ኬሚስትሪ አሉት፣ ግን ላብራቶሪ የላቸውም። የነርሲንግ ፕሮግራሞች ደግሞ እነዚህን ሳይንሶች ከነላብራቶሪያቸው፣ በፊደል ውጤት ተመዝግበው ማየት ይፈልጋሉ። ብዙዎቹም ኮርሱ ከተወሰደ አምስት ወይም ሰባት ዓመት ካለፈው አይቀበሉም።

ሌላም ነገር አለ። ነርሲንግ መግቢያው ፉክክር ነው፣ የሚታየውም ጂፒኤ ነው። የክሌፕ ክሬዲት ጂፒኤ ውስጥ አይገባም። ጂፒኤ ከፍ ማድረግ የሚፈልግ ሰው ጎበዝ የሆነበትን ኮርስ ኮሌጁ ውስጥ ወስዶ ኤ ቢያመጣ ይሻለዋል። በእኔ እምነት ለነርሲንግ ተማሪ ክሌፕ የሚጠቅመው ለሳይኮሎጂ፣ ለሶሲዮሎጂና ለመሳሰሉት ነው። እሱንም ፕሮግራሙን ጠይቆ።

ስማቸው የሚመሳሰሉ ፈተናዎችን አለመለየት

ኮሌጅ ማቴማቲክስ፣ ኮሌጅ አልጀብራ፣ ፕሪካልኩለስ፣ ካልኩለስ አራት የተለያዩ ፈተናዎች ናቸው። ኢንጂነሪንግ የሚማር ሰው ኮሌጅ ማቴማቲክስን ቢያልፍ ብዙም አይፈይድለትም። አገር ቤት 12ኛ ክፍልን በተፈጥሮ ሳይንስ የጨረሰ ግን ካልኩለስ ቀምሷል፤ ትንሽ ከልሶ እሱኑ ቢሞክር አዋጪ ነው። እንግሊዝኛም ላይ ሁለት ዓይነት ኮምፖዚሽን አለ፣ ኮሌጃችሁ የትኛውን እንደሚቀበል ለዩ።

የአገር ቤቱን ትራንስክሪፕት ረስቶ ከዜሮ መጀመር

ኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ የተማራችሁ ከሆነ መጀመሪያ ትራንስክሪፕታችሁን ደብልዩኢኤስን በመሰለ፣ የውጭ አገር ትምህርት በሚገመግም ተቋም በየኮርሱ አስገምግሙ። አንድ ኮርስ ሁለት ጊዜ አይቆጠርም። ከአዲስ አበባ ወይም ከጎንደር የመጣ የሳይኮሎጂ ክሬዲት ካላችሁ ለሳይኮሎጂ ፈተና መቀመጥ ከንቱ ድካም ነው።

በኤፍ-1 (የተማሪ) ቪዛ ሆኖ የሴሚስተር ኮርስ መቀነስ

ይሄኛው ከገንዘብ ያለፈ ጣጣ አለው። የባችለር ዲግሪ የሚማር የኤፍ-1 ተማሪ በአብዛኛው በሴሚስተር ቢያንስ 12 ክሬዲት መመዝገብ አለበት። ከዚያ ውስጥ በኦንላይን ሊቆጠር የሚችለው አንድ ኮርስ ወይም 3 ክሬዲት ብቻ ነው። ከሞደርን ስቴትስ የምትማሩት ኮርስ ምዝገባ ውስጥ አይገባም፣ ፈተናውም እንደዚያው። "በክሌፕ ስለማልፈው ዘንድሮ ዘጠኝ ክሬዲት ይበቃኛል" ያለ ሰው ሕጋዊ ሁኔታውን ሊያጣ ይችላል። ኮርስ ከመቀነሳችሁ በፊት የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮን አናግሩ።

ቫውቸር ስለተገኘ ብቻ መፈተን

ከወደቃችሁ ያንኑ ፈተና ለመድገም ሦስት ወር መጠበቅ ግድ ነው። አብዛኛው ፈተና 90 ደቂቃ ነው፤ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ ሰው የሚያታግለው ትምህርቱ ሳይሆን ሰዓቱ ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ ሰዓት ይዛችሁ ተለማመዱ። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ ስለማይቀነስ ባዶ የምትተዉት ጥያቄ አይኑር። ቫውቸሩ የሚያበቃበት ቀን አለው፤ የመፈተኛ ጣቢያውም የራሱን ክፍያ ሊጠይቅ ስለሚችል አስቀድማችሁ ደውሉ።

ውጤቱን አለመላክ

ስትፈተኑ ውጤታችሁ የሚላክበትን አንድ ኮሌጅ በነፃ መምረጥ ትችላላችሁ። ያኔ ካልመረጣችሁ በኋላ ለመላክ ይከፈልበታል። ተልኮም ቢሆን ዝም ብላችሁ አትቀመጡ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ትራንስክሪፕታችሁን ከፍታችሁ እዩ። ካልገባ፣ ወይም በሌላ ኮርስ ስም ከገባ፣ ያን መጀመሪያ ያስቀመጣችሁትን ኢሜል ይዛችሁ ሬጅስትራር ጋ ሂዱ።