ካሊፎርኒያ ውስጥ የፀጉር ሥራ ላይሰንስ እንዴት ይወጣል (ት/ቤት ሳትመዘገቡ አንብቡት)

ሀገር ቤት ስንት ዓመት ፀጉር ቤት ብትሠሩም ካሊፎርኒያ ውስጥ ሰው ፀጉር ላይ መቀስ ለማንሳት ላይሰንስ (የሥራ ፈቃድ) ግዴታ ነው፣ ይሄን ሁሉም ያውቃል። ብር የሚባክነው የትኛውን ማውጣት እንዳለባችሁ ሳታውቁ ስትመዘገቡ ነው።

ሹሩባ ብቻ ከሆነ የምትሠሩት ምንም ላይሰንስ አያስፈልግም። ኬሚካል እስካልነካችሁና እስካልቆረጣችሁ ድረስ ሕጉ ይፈቅዳል፣ ለሹሩባ ብላችሁ ት/ቤት አትክፈሉ።

ከዛ ውጪ ለፀጉር ሁለት ዋና መንገድ አለ፣ ሄርስታይሊስት (ፀጉር ብቻ) የ600 ሰዓት ትምህርት፣ ኮስሞቶሎጂስት (ፀጉርም ውበትም) የ1,000 ሰዓት (እስከ 2021 መጨረሻ 1,600 ነበር)። 600ው አጭር ስለሆነ ያጓጓል ግን ልብ በሉ፣ በሱ ማጠብ፣ መቁረጥ፣ ካስክ፣ ፒያስትራ፣ ሂውማን ሄር መቀጠል ትችላላችሁ፣ ቀለምና ሪላክሰር (ፀጉር ማለስለሻ ኬሚካል) ግን በፍፁም። የኛ ደንበኛ ደግሞ በብዛት የምትመጣው ሽበቷን ልትሸፍን ወይ ሥሩ ያደገባትን ሪላክሰር ልታስነካ ነው፣ እሷን መልሳችሁ ፀጉር ቤት እንዴት ይቆማል? እኔ በግሌ 1,000ውን ነው የምመክረው። ቆዳ፣ ማኒኪውርና ፔዲኪውርም አብሮ አለው።

ለመፈተን 17 ዓመት መሙላትና 10ኛ ክፍል መጨረስ በቂ ነው። የሀገር ቤት ትራንስክሪፕታችሁን አስተርጉሙት። ሶሻል (የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር) የሌላችሁ በአይቲን (ITIN፣ የግብር መክፈያ) ቁጥር ማመልከት ትችላላችሁ፣ ብዙ ሰው ይሄን ስለማያውቅ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ ያሳዝነኛል።

ት/ቤቱ ላይሰንሱን የሚሰጠው የካሊፎርኒያ ቦርድ (ቦርድ ኦፍ ባርበሪንግ ኤንድ ኮስሞቶሎጂ) ያፀደቀው መሆኑን ድረገጹ ላይ ሳታዩ ዲፖዚት እንዳትከፍሉ። በሳምንት 40 ሰዓት ከገባችሁ 1,000ው 25 ሳምንት ነው፣ እየሠራችሁ 20 ከሆነ አንድ ዓመት ይጠጋል። ት/ቤት ካልቻላችሁ አፕሬንቲስ የሚባል አለ፣ ላይሰንስ ባለው ሳሎን ውስጥ እየተከፈላችሁ ትማራላችሁ፣ ግን ሁለት ዓመት ገደማ ይፈጃል።

አሁን ዋናው፣ ሰዓታችሁን ጠብቁ። የምትፈተኑት ት/ቤቱ ሰዓቱን ጨርሳለች ብሎ በሚሰጣችሁ ወረቀት ነው። የማውቃት ልጅ ግማሽ ላይ ደርሳ ት/ቤቱ ተዘጋባት፣ እጇ ላይ የነበረው ከመምህሯ ጋር የተላላከችው ቴክስት ብቻ ነው፣ ስንት ወር ስትሮጥ ከረመች። ስለዚህ በየወሩ የሰዓት ሪከርዳችሁን በጽሑፍ ጠይቁ፣ ፎቶ አንሱ፣ ለራሳችሁ ኢሜይል አድርጉ። ጠቅላላውን ብቻ ሳይሆን ዝርዝሩንም እዩ፣ ለ1,000ው ኬሚካል 200፣ ስታይሊንግ 200፣ ቆዳ 150፣ ጤናና ደህንነት 100፣ ዲስኢንፌክሽን (ዕቃን ከጀርም ማጽዳት) 100፣ እጅና እግር 100፣ የገላ ፀጉር ማንሳትና ቅንድብ 50፣ ቀሪውን ት/ቤቱ ያሟላዋል። ሙሉ ቀን ፎጣ ሲያሳጥፏችሁ ውለው "ስታይሊንግ" ብለው ከመዘገቡ ተናገሩ፣ የከፈላችሁት ለመማር ነው።

ፈተናው ከ2022 ወዲህ የጽሑፍ ብቻ ነው፣ "የፕራክቲካል ኪት (የተግባር ፈተና ዕቃ) ግዙ" የሚላችሁን አትስሙ። በአማርኛ ስለሌለ እንግሊዝኛውን ከመጀመሪያ ቀን አጥኑ፣ በተለይ የንፅህናውን ክፍል። ማበጠሪያ ሰማያዊው ውሃ (ጀርም መግደያው) ውስጥ መንከር ብቻ አይበቃም፣ መጀመሪያ ፀጉሩ ይለቀማል፣ በሳሙናና ውሃ ይታጠባል፣ ከዛ ሙሉ በሙሉ ጠልቆ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ያህል ደቂቃ ይቆያል። እጀታው ውጪ ከቀረ ዲስኢንፌክት አልሆነም። ውሃው ከደፈረሰ ወዲያው ይቀየራል።

ካለፋችሁ በኋላ ላይሰንሱን የምትሠሩበት ቦታ ላይ በሚታይ ሁኔታ ስቀሉት፣ በየሁለት ዓመቱ ይታደሳል። ቤት ከቀየራችሁ በ30 ቀን ውስጥ ለቦርዱ አድራሻችሁን አሳውቁ፣ የእድሳት ደብዳቤው የሚመጣው እዛ ነው።