«ኮሌስትሮሌ ወረደ» ብለው ኪኒኑን አያቁሙ

አንድ ጋሼ ወደምሠራበት ፋርማሲ መጥተው ከኮታቸው የውስጥ ኪስ አራት ቦታ የታጠፈ የላብራቶሪ ወረቀት አወጡልኝ። ኤልዲኤል የሚባለው መጥፎው ኮሌስትሮል 168 ነበር። በሦስት ወር 94 ገብቷል። «ተመስገን፣ ድኛለሁ ልጄ። ከእንግዲህ የኮሌስትሮሉን ኪኒን ተይው፣ የስኳሩን ብቻ ስጪኝ» አሉኝ። ደስታቸውን ማበላሸት ከበደኝ። «ሐኪምዎን ያማክሩ» ብዬ ሸኘኋቸው። ከዓመት በላይ ቆይተው ሲመጡ ስትሮክ መቷቸው ግራ እጃቸው አልታዘዝ ብሏል። ኪኒኑን ከማሸጊያው እያወጡ የሚሰጧቸው ባለቤታቸው ናቸው። ስኳር ስላለባቸው ያ የኮሌስትሮል ኪኒን በጣም ያስፈልጋቸው ነበር። ያን ቀን ወንበር ስቤ ማስረዳት ነበረብኝ።

ያኔ ያላልኩትን አሁን ልበል። 94 የመጣው ኪኒኑ ስላለ ነው። ኮሌስትሮልን በብዛት የሚሠራው የራሳችን ጉበት ነው። አቶርቫስታቲንና መሰሎቹ የኮሌስትሮል ኪኒኖች ይህን ሥራ ይቀንሱበታል። ጉበትም የጎደለውን ከደም እየሳበ ይሞላል፤ በደም ውስጥ ያለው የሚወርደው ለዚህ ነው። ኪኒኑ ሲቆም ጉበት ወደ ድሮ ሥራው ይመለሳል፣ ቁጥሩም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይወጣል። ቁጥሩ ሲወጣ አያምም፣ አያሳክክም፣ ራስ አያዞርም። እባካችሁ፣ ኪኒኑ እንደ አሞክሲሲሊን ሰባት ቀን ተውጦ የሚያልቅ አይደለም። መቀነስም ማቆምም ካለበት ሐኪሙ ይወስን።

ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ «ሥጋና ቅቤ ትቻለሁ፣ ኪኒኑ ምን ያደርግልኛል?» የሚሉ ይበዛሉ። 55 ቀን ከሥጋና ከቅቤ መራቅ ይጠቅማል። ግን ሽሮው የሚንተከተከው በምንድን ነው? በሚረጋው የፓልም ዘይት ከሆነ፣ የዘይቱ ግማሽ ያህል ኤልዲኤልን ከፍ የሚያደርግ ስብ ነው። ጀሪካኑ ላይ «ከኮሌስትሮል ነፃ» ቢባልም ስቡ አለ። የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት ይሻላል፣ እሱም በልክ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሙ አቶርቫስታቲንን ማታ መውሰድ ትችላላችሁ። በረመዳንም ከኢፍጣር በኋላ ይሆናል። ጾሙና ኪኒኑ አይጣሉም።

ስለ ሰዓት ካነሳን የራሴንም ስህተት ልናገር። ለዓመታት ለሁሉም ሰው «ማታ ብቻ» እል ነበር። አንዲት እናት በጊዜ ስለሚተኙ ከሁለት ቀን አንዱን ይረሱት ነበር። ማታ የሚሻለው በተለይ ሲምቫስታቲን ለሚባለው የኮሌስትሮል ኪኒን ነው፤ ሰውነት ውስጥ ብዙ አይቆይም፣ ጉበት ደግሞ ኮሌስትሮል በብዛት የሚሠራው ሌሊት ነው። እሳቸው የሚወስዱት ግን አቶርቫስታቲን ነበር። እሱና ሮሱቫስታቲን ረጅም ሰዓት ስለሚቆዩ በማንኛውም ሰዓት ይወሰዳሉ። አሁን ጠዋት ከቁርስ ጋር ይውጡታል፣ አንድ ቀንም አላለፋቸውም።

ልጆች ከአሜሪካ ሊፒተር ይልካሉ። እዚህ ሐኪሙ አቶርቫስታቲን ያዝዛል። ሁለቱ አንድ መድኃኒት ናቸው! ሁለቱንም የሚውጡ ሰዎች አይቻለሁ። ሁሉንም ካርቶን በፌስታል ይዛችሁ ኑ፣ አብረን እናያለን።

ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ብሉ፤ በኪኒኑ ቦታ ግን አይሆኑም።

ቀጭን ሰውም ኮሌስትሮሉ ከፍ ሊል ይችላል። ከቤተሰብ የሚወረስም አለ።

ጡንቻ ሲያማችሁ ዝም ብላችሁ አታቁሙ፣ ዝም ብላችሁም አትቀጥሉ። መጥታችሁ ንገሩን። መጠኑ ሊቀነስ ወይም ኪኒኑ ሊቀየር ይችላል። ሕመሙ ከበረታና ሽንት እንደ ሻይ ከጠቆረ ግን ኪኒኑን አቁማችሁ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ። ለጨጓራም ሆነ ለሌላ ሕመም አንቲባዮቲክ ሲታዘዝላችሁ «የኮሌስትሮል ኪኒን እወስዳለሁ» በሉ፤ ክላሪትሮማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ ከሲምቫስታቲን ጋር ጨርሶ አይወሰድም። ያረገዘች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴትም ቀድማ ለሐኪሟ ትንገር።