ዘሎ የወጣው ዓሣ እንዴት ተረፈ
ከቤት ውስጥ የዓሣ ገንዳ ዘሎ ወለል ላይ የተገኘ ዓሣ ቆዳው ስለደረቀ ብቻ ሞቷል አይባልም፤ የሚተነፍስበት ስንጥብ እርጥብ ከሆነ ተስፋ አለው። የእኔን ዓሣ በረጠበ እጅ አንስቼ ከራሱ ገንዳ በተቀዳ ውሃ ውስጥ አስገባሁት፤ የቧንቧ ውሃ ክሎሪን የተጎዳ ስንጥብን ያቃጥላል። የተጣበቀበትን አቧራ አልፈተግሁም። ፍትጊያ ከበሽታ የሚጠብቀውን ዝልግልግ ሽፋን ይገፈዋል፤ ውሃው ራሱ ቀስ እያለ ያላቅቀዋል። የአየር ፓምፕ ከፈትኩለት፣ መብራት አጠፋሁ፣ ለ24 ሰዓት ምግብ ከለከልኩት። በሊትር 1 ግራም ንጹህ ጨው አሟሙቼ ጨመርኩ (እንደ ኮሪዶራስ፣ ማለትም የገንዳ ወለል ላይ እንደሚኖረው ትንሽ ዓሣ፣ ላለ ጨው ለማይስማማው ይቅር)።

ለምን ዘለለ? የገንዳውን ውሃ ስመረምር፣ ከዓሣ ቆሻሻ የሚመጡት መርዞች አሞኒያና ናይትራይት 0 መሆን ሲገባቸው አሞኒያ ተገኘ፤ ሩቡን ውሃ ክሎሪኑ በተወገደ ውሃ ቀየርኩ። ክዳኑ ላይ ለቱቦ የተተወችው ቀዳዳም ለዓሣው ትበቃው ነበር፤ በመረብ ደፈንኳት።