ሰመርን በድራም ኮር፦ ከኦዲሽን እስከ ኢንዲያናፖሊስ

አሜሪካ የምትኖሩ ከሆነና በትምህርት ቤቱ ማርቺንግ ባንድ ትራምፔት የሚነፋ፣ ከበሮ የሚመታ ወይም ባንዲራ የሚያሽከረክር ልጅ ካላችሁ፣ ድራም ኮር የሚለው ስም አንድ ቀን ቤታችሁ ውስጥ መነሳቱ አይቀርም። ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ዘግይቶ መሆኑ ነው። ሜይ ላይ፣ ትምህርት ሊዘጋ ሲል። ያኔ ቦታው አብዛኛው ተይዟል፣ ገንዘቡም አልተዘጋጀም። የሰመሩ ጉዳይ የሚወሰነው ከሴፕቴምበር እስከ ጃንዋሪ ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ልጆችም ወላጆችም ይህን አሁኑኑ አብራችሁ ብታነቡት ደስ ይለኛል።

መጀመሪያ፣ ነገሩ ምን እንደሆነ

ሙሉ ስሙ ድራም ኤንድ ቢዩግል ኮር ነው። መነሻው ወታደሮች ምልክት ይሰጡበት የነበረው መለከትና ከበሮ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት፣ አብያተ ክርስቲያናትና የስካውት ቡድኖች ለሰፈር ልጆች እያቋቋሙት ተስፋፋ። ዛሬ አንድ ትልቅ ኮር ከ150 በላይ ወጣቶች ይኖሩታል። በአሜሪካን ፉትቦል ሜዳ ላይ እየተንቀሳቀሱ፣ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ የሚሆን ትርኢት ያቀርባሉ፤ ከ100 ነጥብም ይዳኛሉ። ዋናው አወዳዳሪ ድራም ኮርስ ኢንተርናሽናል ነው፤ ሰው የሚያውቀው «ዲሲአይ» በሚለው ነው። የተመሠረተው በ1971 ሲሆን የመጀመሪያው ሻምፒዮና በ1972 በዊስኮንሲን ተደረገ። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ኮር ውስጥ ሦስት ዋና ክፍሎች አሉ። የነሐስ መሣሪያ ነፊዎች፣ ከበሮና ማሪምባ የመሳሰሉትን የሚጫወቱ፣ እንዲሁም ባንዲራ፣ የእንጨት ጠመንጃና ሰይፍ እየወረወሩ የሚደንሱት ከለር ጋርዶች። ክላሪኔት፣ ፍሉትና ሳክስፎን የሉም። እነዚህን የሚጫወት ልጅ ተስፋ መቁረጥ የለበትም። ብዙዎች በአንድ ዊንተር ወደ ነሐስ መሣሪያዎቹ፣ ወደ ሜሎፎን ወይም ባሪቶን ተሻግረው፣ ወይም ጋርድ ሆነው ገብተዋል።

ወላጆች «ጡሩምባ ይዞ መዞር ምን ቁም ነገር አለው?» ካሉ፣ አርባ ልጆችን አስታውሷቸው። ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች የነሐስ ባንድ ነበሩ። የዘመናዊ ሙዚቃችን አንዱ ሥር ከእነሱና ከመሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ይመዘዛል።

በዓይን አይቶ መምረጥ

ቪዲዮ ብቻ አይታችሁ አትወስኑ። ጁላይ ላይ አንድ ውድድር ሂዱ። አትላንታ፣ ሳን አንቶኒዮና ፔንሲልቬንያ ውስጥ አለንታውን ለዓመታት ትልልቅ ውድድሮች ሲደረጉባቸው ቆይተዋል። ስትሄዱ ቀደም ብላችሁ ድረሱ። ቡድኖቹ ከመግባታቸው በፊት በፓርኪንግ ሎቱ ላይ ያሟሙቃሉ፤ ከበሮዎቹ አጠገብ ቆሞ ማየት ይቻላል። ትርኢቱ ደስ ቢልም ልጁ ፍላጎቱን የሚያውቀው እዚያ ይመስለኛል። ላባቸውን፣ ድካማቸውን፣ እርስ በርስ የሚነጋገሩበትን መንገድ ያያል።

ከዚያ ኮር ምረጡ። ወርልድ ክላስ የሚባሉት ትልልቆቹ ናቸው፤ አገሪቱን ከዳር እስከ ዳር ይዞራሉ። ኦፕን ክላስ አነስ ይላል፣ ጉዞውም ወጪውም ብዙ ጊዜ ይቀላል። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ በዲሲአይ ሥር ኦል ኤጅ የሚባል ምድብ አለ። እዚያ ልምምዱ በአብዛኛው ቅዳሜና እሁድ ስለሆነ፣ ሰመር ላይ መሥራት ያለበት ልጅ ሁለቱንም ማስኬድ ይችላል።

የእኛ ሰው በብዛት የሚኖርባቸው ከተሞች አካባቢ ኮሮች አሉ። ዴንቨር ላይ ብሉ ናይትስ፣ አትላንታ ላይ ስፒሪት ኦፍ አትላንታ፣ ሲያትል ላይ ካስኬድስ። እኔ በጣም የምወደው ታሪክ ግን የሳክራመንቶዎቹ የማንዳሪንስ ነው። በ1963 የጀመሩት ቻይናውያን አሜሪካውያን ቤተሰቦች ነበሩ፤ ለማኅበረሰባቸው ልጆች ብለው። ዛሬ ከታላላቆቹ አንዱ ሆኗል፣ ልጆችም ከየአቅጣጫው ይመጡበታል። እንደ እኛ ላለ ስደተኛ ማኅበረሰብ ይህ ብዙ ይናገራል።

በመጀመሪያ ዓመት ስም አሳድዳችሁ አንድ ኮር ላይ ብቻ አትንጠልጠሉ። ሁለት ሦስት ቦታ ሞክሩ። አንዱ ለቤት የሚቀርብ ይሁን፣ ምክንያቱም ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል በየወሩ ገደማ የልምምድ ካምፕ አለ፤ በየወሩ አውሮፕላን መሳፈር ደግሞ ሳይታሰብ ኪስ የሚያራቁት እሱ ነው። የዕድሜ ገደቡንም ጠይቁ። ከኦል ኤጅ ውጭ ያሉት በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያቆማሉ። የኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት የሆነ ልጅ ጊዜ አለኝ ብሎ መዘናጋት የለበትም።

ኦዲሽን

ኮሮቹ በመከር ወራት የኦዲሽን፣ ማለትም የመምረጫ ፈተናውን፣ ፓኬት ያወጣሉ። ውስጡ ልምምዶች፣ አጫጭር ሙዚቃዎችና የኮሩ አጨዋወት ስልት አሉበት። አብዛኞቹ በቪዲዮም ይቀበላሉ። በአካል መገኘት ከቻላችሁ ግን ሂዱ። ሁለት ቀን ካምፕ ገብቶ ከአስተማሪዎቹ ጋር መዋል በራሱ ትምህርት ነው።

ፓኬቱን በፍጥነት ለመጨረስ አትሩጡ። ሜትሮኖም ክፈቱና በጣም በዝግታ ጀምሩ። ነፊ ከሆናችሁ በየቀኑ ረጃጅም ኖታዎችና የአተነፋፈስ ልምምድ ያስፈልጋችኋል። ከበሮ ከሆነ ሁለቱ እጆች እኩል ከፍታ ላይ መነሳታቸውን መስታወት ፊት ቆማችሁ እዩ። ጋርድ ከሆነ ዳንስ ተማሩ፤ ባንዲራውን የሚያሳምረው ሰውነት ነው። አፓርታማ ውስጥ ያላችሁ ሰዎች ጎረቤት እንዳይማረር ለትራምፔት ሚዩት፣ ለከበሮ የጎማ ፓድ ግዙ። ሁሉም ልምምድ ደግሞ እግር እያረገጠ ይሁን። ቆሞ አሳምሮ የሚጫወት ብዙ አለ፤ ሲራመድ ድምፁ የማይንቀጠቀጥ ግን ጥቂት ነው።

ካምፕ ላይ አስተማሪዎቹ የሚያዩት አንድ ዋና ነገር አለ። ስትታረሙ ወዲያው ትቀይራላችሁ ወይ? «እጅህን ዝቅ አድርግ» ሲባል ዝቅ የሚያደርግና ከአሥር ደቂቃ በኋላም እንደዚያው የያዘ ልጅ፣ ጎበዝ ሆኖ ከማይሰማው ይመረጣል። እኛ ልጆቻችንን አቀርቅረው እንዲሰሙ ነው የምናሳድጋቸው። እዚህ ግን ቀና ብሎ አስተማሪውን ዓይን ዓይኑን ማየት፣ ጮክ ብሎ መመለስም ያስፈልጋል። ይህን አስቀድማችሁ ለልጁ ንገሩት፤ ዓይን አፋርነቱ እንደ ስንፍና እንዳይቆጠርበት።

አልተቀበሉኝም? የጻፉላችሁን አስተያየት ጠይቃችሁ ያዙና ሌላ ኮር ሞክሩ። በየዓመቱ ሰው እየወጣ ቦታ ይከፈታል፣ አንዳንዴም ሜይ ድረስ። ከበሮና ጋርድ የሆኑ ልጆች ዊንተሩን በአዳራሽ ውስጥ በሚደረገው ውድድር ቢያሳልፉ በጣም ይጠነክራሉ፤ ደብሊው ጂ አይ የሚባለው ነው፣ ፍጻሜው ኤፕሪል ላይ ዴይተን፣ ኦሃዮ ይደረጋል።

ገንዘቡ

ይህን ሳላድበሰብስ ልናገር። አባላት አይከፈላቸውም፤ የሚከፍሉት እነሱ ናቸው። የወርልድ ክላስ ክፍያ በእነዚህ ዓመታት ከ4 ሺህ እስከ 6 ሺህ ዶላር አካባቢ ይደርሳል፣ ከዚያ የሚያልፍም አለ። በዚህ ውስጥ አውቶቡሱ፣ ማደሪያው፣ ምግቡና ትምህርቱ ይካተታሉ። ትልልቆቹን መሣሪያዎችም ብዙውን ጊዜ ኮሩ ያቀርባል። የካምፕ ጉዞ፣ ጫማ፣ ጓንትና የኪስ ገንዘብ ከዚህ ውጭ ነው። ልጁ ሰመር ላይ ሠርቶ ሊያገኝ ይችል የነበረውንም ደምሩት።

አብዛኞቹ ኮሮች በየወሩ እንዲከፈል ይፈቅዳሉ። ስኮላርሺፕ ያላቸውም አሉ፤ ለመጠየቅ አትፈሩ። የእኛ ሰው ደግሞ ዕቁብ አለው። ሴፕቴምበር ላይ የተጀመረ ዕቁብ ኤፕሪል ላይ እጣው እንዲደርሳችሁ ከሰብሳቢው ጋር ከተስማማችሁ ትልቁን ክፍያ ይሸፍናል። ልጁ ራሱ ለዘመድ ወዳጅ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ደብዳቤ ይጻፍ። አጎትና አክስት ለምረቃ ስጦታ የሚሰጡትን ለዚህ እንዲያደርጉለት ይጠይቅ። ውል ከመፈረማችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አጣሩ፦ ልጁ ቢጎዳ ወይም ቢያቋርጥ ገንዘቡ ይመለሳል ወይ? መልሱ በጽሑፍ ይሁን።

ጾም፣ ጸጉር፣ ጤና

ሜይ መጨረሻ ላይ ልጆቹ አንድ ቦታ ይሰበሰቡና ለሳምንታት ትርኢቱን ይሠራሉ። ከጁን መጨረሻ እስከ ኦገስት ሁለተኛ ሳምንት ደግሞ ጉዞ ነው። የሚተኙት በየትምህርት ቤቱ ጂም ወለል ላይ ነው፤ ሌሊት አውቶቡስ ውስጥ የሚያድሩበትም ጊዜ ብዙ ነው። ምግብ የሚያበስልላቸው ራሱን የቻለ የኩሽና መኪና አለ። በጠራራ ፀሐይ በቀን አሥር ሰዓትና ከዚያ በላይ ይለማመዳሉ።

የሰኔ ጾም በዚሁ መካከል ይውላል፣ እስከ ጁላይ 12። ፍልሰታም ኦገስት 7 ይገባል፤ የውድድሩ ፍጻሜ አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው በዚያው ሰሞን ነው። የሚጾም ልጅ ያላችሁ ሰዎች ንስሐ አባታችሁን አስቀድማችሁ አማክሩ። የሥጋና የወተት ተዋጽኦ የሌለበት ምግብ ማግኘት ብዙ ጊዜ አይከብድም፤ የምግብ ቅጹ ላይ በግልጽ ጻፉት፣ ለኩሽናው ኃላፊም ደውላችሁ ንገሩ። እስከ ከሰዓት ምንም ሳይበሉ መዋል ግን በዚህ ሥራና በዚህ ሙቀት አደገኛ ነው፤ አይሞከር። ሻንጣ ውስጥ በሶና ቆሎ ይግባ። በውሃ የተበጠበጠ በሶ በአምስት ደቂቃ እረፍት ይጠጣል፣ ጉልበትም ይሰጣል። ለሙስሊም ቤተሰቦች ደግሞ በእነዚህ ዓመታት ረመዳን የሚገባው በዊንተር ካምፖች ወቅት ነው፣ ዒድ አል አድሐ ሜይና ጁን ውስጥ ነው። የሐላል ምግብና የሶላት ሰዓት ጉዳይ ከፊርማ በፊት ይነሳ።

ሴት ልጆች ከመሄዳቸው በፊት ሹሩባ ቢሠሩ ሁለት ሦስት ሳምንት ያርፋሉ። ኮሩ ለትርኢት የሚፈልገውን የጸጉር አያያዝ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ኮፍያ ካለ በሥሩ የሚተኛ ይሁን። ቆዳችን ጥቁር ነው ብላችሁ የፀሐይ መከላከያ ቅባት አትተዉ። አራት ሊትር ገደማ የሚይዝ የውሃ ጀሪካን፣ ለአንድ ሰው የሚሆን የአየር ፍራሽ፣ የጆሮ መከላከያና ሁለት ጥንድ የለመዱት ጫማ ያስፈልጋል። አዲስ ጫማ ይዞ መሄድ እግር ያቆስላል። ሰውነትም አስቀድሞ ይልመድ፦ ከማርች ጀምሮ መሮጥ፣ ከኤፕሪል ጀምሮ ደግሞ ውጭ፣ ፀሐይ ላይ መለማመድ። ቱባና ቴነር ከበሮ ተሸክሞ መዋል ወገብና ትከሻ ይፈልጋል።

ደህንነት

ወላጆች፣ ይህን ለመጠየቅ ይሉኝታ አይያዛችሁ። በ2018 በዚህ ዓለም ውስጥ ወጣቶች የተጎዱባቸው ከባድ ጉዳዮች ወደ አደባባይ ወጥተዋል፤ ከዚያ በኋላ ደንቡ ጠብቋል። ቢሆንም እያንዳንዱን ኮር ራሳችሁ ጠይቁ። አስተማሪዎቹና በጎ ፈቃደኞቹ ሁሉ የወንጀል መዝገብ ምርመራ አልፈዋል? ሌሊት ጂሙ ውስጥ ማን አለ? ዕድሜያቸው ከ18 በታች የሆኑት የት ይተኛሉ? ልጁ አቤቱታ ቢኖረው ከአስተማሪው ሌላ ለማን ይናገራል? በግልጽ የማይመልስ ኮር ጋር ልጅ አይላክም።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ሄዶ ማየት ነው። ኮሮች ምግብ የሚያበስል፣ ልብስ የሚሰፋ፣ መኪና የሚነዳ በጎ ፈቃደኛ ሁልጊዜ ይፈልጋሉ። አንድ ሳምንት ፈቃድ ወስዳችሁ ኩሽናው ውስጥ ሥሩ። ከ150 በላይ ሰው በቀን አራት ጊዜ መመገብ፣ ድግስ ለለመደች እናት የሚያስፈራ አይደለም። ልጃችሁ እንዴት እንደሚውል በዓይናችሁ ታያላችሁ፣ ሌሎቹም ልጆች ያውቋችኋል።

ትኬት ስትቆርጡ

ፍጻሜው ከ2009 ጀምሮ ኢንዲያናፖሊስ፣ ሉካስ ኦይል ስታዲየም ነው። ሐሙስ ማጣሪያ፣ ዓርብ ግማሽ ፍጻሜ፣ ቅዳሜ ፍጻሜ። ወደ ዓርብ የሚያልፉት 25 ኮሮች ናቸው፣ ቅዳሜ የሚገቡት ደግሞ 12 ብቻ። ስለዚህ ልጃችሁን በእርግጠኝነት ለማየት ሐሙስ እዚያ ሁኑ። ወንበር ስትመርጡ ከመሐል ከፍ ያለውን ውሰዱ። ታች ከሆናችሁ ፊታቸውን ታያላችሁ፣ ሜዳው ላይ የሚሠሩት ቅርጽ ግን ያመልጣችኋል። ሆቴሉን ከስፕሪንግ ጀምሮ ያዙ፤ በዚያ ሳምንት ከተማው ይሞላል።